ቀይ ሲውለበለብ እንለፍ፦ የአቶ ውባየሁ ጉልላት እና የአዋሽ አሮጌ ድልድይ ታሪክ

አቶ ውባየሁ ጉልላት ከአባታቸው ከአቶ ጉልላት ስዩም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አለሚቱ ባፈና፣ ቡልጋ ውስጥ ከደጋው ጫፍ ቁልቁል የአዋሽ ሸለቆ በሚታይበት መንደር፣ በ1929 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘመኑ የወረራ ዘመን ስለነበር ቤተሰቡ ከዋሻ ዋሻ ይዞር ነበር። እናታቸው ያንን ጊዜ ሲያወሩ «ሁላችን ትንፋሻችንን ውጠን ስንቀመጥ የሚያለቅስ እሱ ብቻ ነበር፤ ዝም በል ሲሉት ይብስበታል» ይሉ ነበር። አባታችንን ያወቀ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ልጃቸው አዲስአለም ነኝ። የዕድራችን ጸሐፊ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ያለፈ ቅሬታም እንዳይነሣበት አሳስበውኛል። ስለ ምክራቸው አመሰግናለሁ። አቶ ውባየሁ ግን በአንድ ገጽ የሚያልቁ ሰው አልነበሩም፤ ቅሬታቸውም አላለፈም። ፀሐይ የበረታባችሁ ወደ ግራሩ ጥላ ጠጋ በሉ። የሕይወት ታሪካቸውን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳይሆን እዚህ፣ ከወንዙ ማዶ፣ በድልድዩ ጫፍ ባለው አሮጌ ቤታቸው ደጃፍ ለምን እንደምናነበው የምትጠይቁም አላችሁ። ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

አቶ ውባየሁ ፊደልን ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በተወለዱበት ደብር ነው። በርበሬና ጌሾ በአህያ ጭነው ወደ አዋሽ ጣቢያ እየወረዱ ይሸጡ የነበሩት አባታቸው በ1944 ዓ.ም. ይዘዋቸው መጡ፤ የሐዲድ ሠራተኛ ለነበሩት የእናታቸው ወንድም ለአቶ ይገዙ ባፈናም አደራ ሰጧቸው። አዋሽ በዚያን ጊዜ ጣቢያው፣ ሆቴሉ፣ ጥቂት ሱቆችና ብዙ ሙቀት ነበረች። በጣቢያው አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት አእምሮ አንሷቸው ሳይሆን መምህሩን ስለ ተከራከሩ እንደሆነ አጎታቸው ይመሰክሩ ነበር።

ስለ ድልድዩ የመጀመሪያውን ወሬ የሰሙትም ከእኒሁ አጎት ነው። ድልድዩ በሰው እጅ እንደ ተሠራ፣ በጦርነት እንደ ፈረሰ፣ ሰውም ተመልሶ እንዳቆመው፣ ሙቀቱና ወባው የስንቱን አጥንት እዚህ ገደል ውስጥ እንዳስቀረ ሲተርኩላቸው አድገዋል። አቶ ይገዙ ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ቃል ነበር፤ «ይህ ብረት የተሠራው ሰው እንዲሻገር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ወሬ ነው።» አቶ ውባየሁ ይህን ነገር አልረሱትም። ለሕይወታቸው ሁሉ ጣጣ ያመጣባቸውም ይኸው አለመርሳታቸው ነው።

በ1949 ዓ.ም. በሐዲድ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የድልድይ ጠባቂ ሆኑ። ሥራው ላላየው ቀላል ይመስላል። ባቡር ከመድረሱ በፊት ጠባቂው ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሄድበታል፤ የላላ ቡሎን ያጠብቃል፣ ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች በመዶሻ እየመታ ድምፃቸውን ይሰማል። ደህና ከሆነ በከተማው በኩል ባለው ጫፍ ቆሞ አረንጓዴ ባንዲራ ይዘረጋል፤ ባቡሩም ያልፋል። ካለፈ በኋላ ከፍሬኑ የተረጨ ፍም እንጨቱን እንዳያቃጥል ባልዲ ይዞ እንደገና ይሄድበታል። ቀዩ ባንዲራ የሚወጣው ችግር ሲኖር ብቻ ነው። የእሳቸው ድልድይ ችግር ስለማይኖርበት ቀዩ ባንዲራ ተጠቅልሎ ከጥግ ይቀመጥ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስንቅነሽ ካሕሳይ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ወይዘሮ ስንቅነሽ ቁጡና ቀልደኛ ሴት ነበሩ፤ ባላቸውን በሰው ፊት ይሰድቡ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ያቆላምጡ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ጥር ወር የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ወንድማችንን አለሙን፣ ወለዱ። የሚኖሩት የባቡሩ ድርጅት ለሠራተኞቹ በሠራው የድንጋይ ቤት ነበር። ቤቱ ቧንቧ ነበረው። እናታችን ያንን ቧንቧ እስኪሞቱ ድረስ አንሥተው አልጠገቡም።

ወደ ቁም ነገሩ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ያ ዘመን ጥጥ የነገሠበት ዘመን ነበር። የአዋሽን ዳርቻ የተመለከተ ሁሉ ጥጥ ታየው። ከድልድዩ በታች፣ የአፋር ከብት ከጥንት ጀምሮ ወርዶ የሚጠጣበትንና የሚሻገርበትን መልካ፣ አንድ የጥጥ እርሻ ቦይ አውጥቶ በሽቦ አጠረው። ባለ እርሻዎቹ መሬቱን በወረቀት አገኙት፤ ከብቶቹ ግን ወረቀት አያነቡም። ዝናቡ በጠፋበት በዚያ ዓመት ከማዶ ያለው ሣር አልቆ ነበር። ወደ ወንዙ የሚያወርደው ሌላ መንገድ በከተማው በኩል ብቻ ነው። እዚህ፣ አሁን በቆምንበት በኩል ያለውን ገደል እዩት፤ ፍየል እንኳ አይወርደውም። ከሽቦውና ከገደሉ መካከል የቀረው አንድ ነገር ድልድዩ ነበር።

በመጋቢት ወር መጨረሻ የአፋር ቤተሰቦች ከብቶቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ይዘው መጥተው እዚሁ ሰፈሩ። ድልድዩ ላይ ከብት ማሳለፍ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድም አይቻልም ይባል ነበር፤ በእንጨቶቹ መካከል ቁልቁል ወንዙ ስለሚታይና የከብት እግር ስለሚገባበት። አፋሮቹ ግን ተቀምጠው ድልድዩን ማጥናት ያዙ። ከእነሱ አንዷ አሲያ ሁመድ ትባላለች። በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ሙሽራ ነበረች። ዛሬ እኛ ወይዘሮ አሲያ እንላቸዋለን፤ ከዚህ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

አፋር ሲሰደድ ቤቱን አፍርሶ፣ የጎበጡትን እንጨቶችና ሰሌኑን በግመል ጭኖ ይሄዳል። ቤቱ የሴቷ ነው፤ የምትተክለውም የምታፈርሰውም እሷ ናት። እነ አሲያ የቤታቸውን እንጨት በሐዲዱ መካከል በእንጨቶቹ ላይ ደርድረው ሰሌኑን ከላይ ካነጠፉበት ከብት ሊሄድበት እንደሚችል አሰቡ። አሰቡና ጠዋት ላይ ጀመሩ። ቤታቸውን ሁሉ አንጥፈው እስከ ድልድዩ አጋማሽ ደረሱ።

አቶ ውባየሁ ከከተማው በኩል ሆነው ይህን ሲያዩ ደነገጡ። ሊትሪና ብለን የምንጠራው ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ከአዲስ አበባ በኩል ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ጮኹ፤ ነፋሱ ድምፃቸውን ገደል ከተተው። ቢሰማም በዚያ ጊዜ የሚያውቁት አፋርኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ያንን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀይ ባንዲራ አውጥተው ባላቸው ኃይል አውለበለቡት።

ያን ጊዜ ነው ነገር የተገለበጠው። ለብዙ ቀን ተቀምጠው ሲያጠኑ የከረሙት አፋሮች ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰውዬ አረንጓዴ ጨርቅ በዘረጋ ቁጥር ያ የብረት አውሬ እየጮኸ ይመጣል። ስለዚህ አረንጓዴ ማለት «መጣባችሁ፣ ሽሹ» ማለት ነው። አሁን ደግሞ አይተውት የማያውቁት ቀይ ጨርቅ ወጣ፤ ይህ ከአረንጓዴው ተቃራኒ መሆን አለበት። ወይዘሮ አሲያ ሲያወሩት ዛሬም ይስቃሉ፤ «ዋላሂ፣ ሰውዬው ግቡ ግቡ እያለ በደስታ የሚዘል መሰለን። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አልን። ፍየሎቹን ነዳን።»

አባታችን ባንዲራውን ባወዛወዙ ቁጥር መንጋው ፈጠነ። ድልድዩ ላይ የገባ መንጋ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መዞሪያ የለውም። ከአባታችን ጀርባ ባቡሩ ከጣቢያው ሲነሣ የነፋው ጡሩምባ ተሰማ። እዚህ ላይ አንድ የድልድይ ጠባቂ ሁለት ምርጫ አለው። ደንቡ መንገዱን አስለቅቅ ይላል፤ ያ ማለት ሰውንም ከብትንም ወደ ገደሉ መግፋት ነው። አቶ ውባየሁ ፊታቸውን አዞሩ። ጀርባቸውን ለመንጋው ሰጥተው፣ ያንኑ ቀይ ባንዲራ ይዘው፣ በሐዲዱ መካከል ወደ ባቡሩ ሮጡ።

ባቡሩ ቆመ። በውስጡ ከተሳፈሩት መካከል የጥጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅና ከአዲስ አበባ ያመጧቸው እንግዶች ነበሩ። እንግዶቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ፍየሉ ሁሉ፣ ጥጃው ሁሉ፣ ቤቱን ያፈረሰው ሰው ሁሉ ከድልድዩ ወርዶ በሐዲዱ ጎን እስኪያልፍ ጠበቁ። የመጨረሻዋ አሲያ ነበረች፤ ሰሌኗን እየጠቀለለች መጣች፤ ለአባታችንም በእጇ ሰላምታ ሰጥታ አለፈች። ከዚያ አባታችን ድልድዩን እንደ ደንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት፤ ተመልሰው መጥተውም አረንጓዴውን ዘረጉ። በዚያ ቀን ሰው አልሞተም። ከብት አልሞተም። ባቡሩም ደህና ገባ። ይህን በሙሉ ድምፅ የማነበው ለአንድ ሰው ሞት እንኳ ያልተደረገ ጫጫታ በማግስቱ ስለ ተደረገ ነው።

በማግስቱ ጣቢያው ውስጥ ምርመራ ተቀመጠ። የባቡሩ ድርጅት የክፍል ሹም ተሰይመው ነበር፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅም ከጎናቸው ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር። እርሻው የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፤ አፋሮቹ የተከለከለ ምልክት እያዩ በድፍረት ጥሰው ገብተዋል ከተባለ መንጋው ሁሉ ይወረሳል፤ ወደ ከተማው በኩል የሚያወርደው መንገድም ይታጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ነበር። ምስክሩ አቶ ውባየሁ ናቸው። ቃሉን ከሰጡ ሥራቸውም ቤታቸውም እንዳለ ይቆያል። ወንድማችን አለሙ በዚያን ጊዜ አራስ ልጅ ነበር።

ሹሙ «ቀይ ምልክት አሳይተሃቸዋል፤ እነሱ ግን አልታዘዙህም። እንዲህ በልና ወደ ሥራህ ሂድ» አሏቸው።

አቶ ውባየሁ «ምልክቱን ታዘዋል ጌታዬ» ሲሉ መለሱ። «እኛ አረንጓዴ እያሳየን ባቡር ስናመጣባቸው ነው የከረምነው። ቀዩን ሲያዩ እለፉ የተባሉ መሰላቸው። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አልፍ ነበር።»

«ቀይ ቁም መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ?»

«ቁም የተባለው ባቡሩ ነው፤ እሱም ቆሟል። የሚያልፉት አልፈዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካስፈለገ የእኔ ነው፤ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ ብላችሁ ጻፉ።»

እንደዚያው ተጻፈ። መንጋው የሚወረስበት ምክንያት ጠፋ፤ መንገዱም ሳይታጠር ቀረ። አቶ ውባየሁ ከሥራ ተባረሩ፤ ከነሚስታቸውና ከነአራሱ ልጅ የድንጋዩን ቤት ለቀቁ። በዚያን ዕለት ወይዘሮ ስንቅነሽ ከደጃፉ ቆመው ያሉትን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። «ለፍየል ብሎ ቧንቧ ያስለቀቀኝ ባል እኔ ብቻ ነኝ ያለኝ» አሉ። ከዚያ ዕቃቸውን አንሥተው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ አገሩ ይመለሳል። አቶ ውባየሁ ግን ድልድዩን ተሻግረው፣ የድርጅቱ ወሰን ካበቃበት አንድ ክንድ አልፈው፣ ይህን ከኋላዬ የምታዩትን ቤት ቀለሱ። እነ አሲያ ሰሌን አመጡላቸው፤ የመጀመሪያው ጣሪያ እሱ ነው። በጣቢያው ሻይ ቤት የነበራቸው የወሎው ሰው አቶ ከድሩ፣ ነፍሳቸውን አላህ ይማርና፣ «ሰው ሥራ ሲያጣ ሻይ አያጣም» ብለው ለመንገደኞች ሻይ እንዲያዞሩ ቀጠሯቸው። አባታችን ለሁለት ዓመት ሻይ አዞሩ። ሻዩን ብዙ ጊዜ እንደሚያፈሱት አቶ ከድሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይናገሩ ነበር።

መንጋው ግን መጠጣት ነበረበት። ድርጅቱ ባንዲራዎቹን ስለ ወሰደባቸው አባታችን እናታችንን ቀይ ጨርቅ ጠየቁ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ቀይ ነገር የእናታችን የሠርግ ሻርፕ ብቻ ነበር። እናታችን ቀኑን ሙሉ ሲሰድቧቸው ዋሉ፤ ማታ ላይ በሻርፑ ዳር ስፌት እየሰፉለት፣ ለእንጨቱ ማስገቢያ እያበጁለት ተገኙ። ከዚያ ወዲህ አፋሮቹ ውሃ ሊያወርዱ ሲፈልጉ አባታችን የባቡሩን ሰዓት አይተው በከተማው በኩል ይቆማሉ፤ ሻርፑን ወደ ባቡሩ አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ ሴቶቹ ቤታቸውን ያነጥፋሉ፤ መንጋው ያልፋል። ለባቡር ቁም፣ ለሚሻገር እለፍ ሆነ። ከዚያች የመጀመሪያ ቀን ስሕተት የአንድ አገር ሕግ ወጣ። አዲሱ የድልድይ ጠባቂ በዚያ ሰዓት ፊቱን አዙሮ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው።

ለዚህ ሥራ ደመወዝ አልነበረም፤ እስር ግን ነበረ። ያለ ሥልጣን ባቡር በማስቆም ተከሰው ሁለት ጊዜ ታስረዋል። በሁለተኛው እስር ጊዜ ሻርፑን ይዘው ድልድዩ ጫፍ ላይ የቆሙት እናታችን ናቸው። አለሙን በጀርባቸው አዝለው ቆሙ፤ ሊይዟቸው ለመጡት ዘበኞችም «ሻርፑ የእኔ ነው፤ በሠርጌ ዕለት የለበስኩትን ማውለብለብ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?» አሉ። ዘበኞቹ እንደ መጡ ተመለሱ።

በ1959 ዓ.ም. የክፍሉ ሹም ራሳቸው በእግራቸው ድልድዩን ተሻግረው እዚህ ደጃፍ መጡ። ጠባቂ በተቀያየረ ቁጥር ወይ መንጋው ያልፋል፣ ወይ ከአፋሮቹ ጋር ጠብ ይነሣል፤ ነጂዎቹም ሻርፑን ካላዩ ድልድዩን አናምንም ማለት ጀምረዋል። ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጠየቋቸው። አቶ ውባየሁ ቀድሞ የነበራቸውን ማዕረግም፣ የድንጋዩን ቤትም አልጠየቁም። የጠየቁት መንጋ የሚያልፍበት ሰዓት ከባቡሩ ሰዓት ጋር አብሮ እንዲወሰን ነው። ሹሙ ተቆጡ፣ ተነሡ፣ ትንሽ ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ። ተወሰነ። እናታችን በኋላ «ቧንቧውንስ ለምን አልጠየቅህም?» ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋል።

እኔ በ1960 ዓ.ም.፣ ታናሽ ወንድማችን ስዩም ደግሞ በ1963 ዓ.ም. የተወለድነው በዚህ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ታውቁታላችሁ። አብዮት ሆነ፤ እርሻው የሕዝብ ነው ተባለ፤ ሰሌዳው ተቀየረ። አጥሩ ግን ከነሽቦው ቀረ። አባታችን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው «እርሻው ከተወረሰ አጥሩን ለምን አልወረሳችሁትም?» ብለው ጠየቁ፤ ለዚህም ጥያቄ ተግሣጽ ተሰጣቸው። በ1969 ዓ.ም. ጦርነት ሲመጣ ድልድዩ ሊመታ ይችላል፣ ነዋሪው ይውጣ ተባለ። አባታችን ልጆቻቸውን ወደ ቡልጋ ልከው እሳቸው ቀሩ። ሲጠየቁ «ድልድዩ ከተመታ ማነው የላላውን ቡሎን የሚያየው?» ይሉ ነበር። ሞኝነት ነው ያሏቸው ነበሩ። ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን ስሙ ሌላ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባቡሩ ከነአካቴው ሲቆም እሳቸው አልቆሙም፤ ብረት ፈትተው ሊወስዱ የሚመጡትን በዱላ እየተከታተሉ ያባርሩ ነበር። እናታችን ወይዘሮ ስንቅነሽ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ብቻቸውን ቀሩ። በ2008 ዓ.ም. ዓይናቸው ሲደክም፣ ቀድሞ በአሳይታ መምህርት፣ በኋላ በሰመራ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንኩት እኔ፣ ለምኜ፣ ተጣልቼ፣ በመጨረሻም አታልዬ ወደ ሰመራ ወሰድኳቸው። ሰመራን አልወደዱም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሕንፃው አዲስ ነው፣ መብራቱ ብዙ ነው ስላቸው «እሱስ ነው። ግን ወንዝ የለውም፤ ወንዝ የሌለው አገር ማዶ የለውም፤ ሰው ወዴት ሊሻገር ነው?» ይሉኝ ነበር። በየዓመቱ ለጥምቀት አዋሽ መውረዳቸውን ግን አልተዉም። ከሦስት ዓመት በፊት እንኳ ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ሄደውበታል፤ ወንድሜ ስዩም ከኋላቸው እያላበው ተከትሏቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የልብ ሕመም ጀመራቸው። በሰመራ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ፤ ሐኪሞቹን ለደከሙላቸው ሁሉ እናመሰግናለን። ታኅሣሥ ላይ ሲብስባቸው ወይዘሮ አሲያ ከሚኖሩበት ከአዳይቱ መጥተው ጠየቋቸው። አባታችን በዚያ ሰሞን ብዙ አይናገሩም ነበር፤ እሳቸውን ሲያዩ ግን ቀና አሉ።

«አሲያ፣ ስሞት ልጆቼ ከማዶው ቤቴ አንሥተው በድልድዩ ያሳልፉኝ» አሏቸው። «በአስፋልቱ በመኪና እንዳይወስዱኝ። እንደ እናንተ በእግር ነው ወደ ከተማው መግባት የምፈልገው።»

ወይዘሮ አሲያ «አንተ እኔን አሻግረሃል፤ እኔ ደግሞ አንተን አሻግራለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሰሌኑ የእኔ ነው» አሏቸው። አባታችን በዚያ ምሽት ደህና እንቅልፍ ተኙ።

አቶ ውባየሁ ጉልላት በተወለዱ በ86 ዓመታቸው፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አሁን ቃል እንደ ገባሁት ደረስኩበት። ኑዛዜያቸውን ለመፈጸም ፈቃድ ጠየቅን። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች አይቻልም፣ ድልድዩ አርጅቷል፣ ለደኅንነታችሁ ነው አሉን። ስለ ደኅንነታችን ማሰባቸውን አከብራለሁ። ሽቦው ሲታጠርም ስለ ደኅንነት ነው የተባለው። ይህ ድልድይ ዘመኑን ሁሉ ባቡር ተሸክሞ የኖረ ነው፤ አንድ የሬሳ ሣጥንና አንድ ዕድር አይከብደውም። ከኮረብታው ላይ ፎቶ የሚያነሡት እንግዶች ሲመጡ የማያረጅ ድልድይ፣ ጠባቂው ሲያልፉበት ብቻ አረጀ ሊባል አይገባም። ወንድሜ አለሙ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ከስዩም ጋር ሆነው እያንዳንዱን እንጨት እንደ አባታቸው በመዶሻ እየመቱ አዳምጠውታል። የበሰበሱትን ቀይረዋል። ጎበዝ ጎበዙ ሣጥኑን ይይዛል፤ ደካማና ሕፃን በመኪና ዞሮ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይጠብቀናል።

አቶ ውባየሁ የሦስት ልጆች አባት፣ የዘጠኝ የልጅ ልጆችና የሁለት የልጅ ልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልገቡ ልጆቻቸውን ደግሞ ዙሪያችሁን ብታዩ ታገኟቸዋላችሁ። ከአፋምቦ፣ ከአሳይታ፣ ከአዳይቱ ሌሊቱን የተጓዙት በፕሮግራሙ ላይ ስማቸው የለም። ዛሬ ጠዋት የቤታቸውን እንጨትና ሰሌን አምጥተው ከዚህ ጀምሮ እስከ ከተማው ጫፍ ያነጠፉት ግን እነሱ ናቸው። በሐዘናችን ለደረሳችሁልን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ምድር አይጥላችሁ።

ለሚሻገር ሰው ሲሉ ጀርባቸውን ሰጥተው በባቡር ፊት የቆሙትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር አምላክ በበሩ ላይ አያቁማቸው። ወንዝ ባለበት፣ ማዶ ባለበት፣ ከወይዘሮ ስንቅነሽና ከቧንቧቸውም ጎን ያሳርፋቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ቀርቶኛል። በድልድዩ መግቢያ ላይ ጉልበት የሚደርስ ሰንሰለት አለ፤ በሰንሰለቱም ላይ «ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ሰሌዳውን አይታችሁ ከሆነ የተቀባው ቀይ ነው። አባታችን በዚህ አገር ቀይን እንዴት እንዳስነበቡን ሰምታችኋል። ወይዘሮ አሲያ የእናታችንን ሻርፕ ይዘው ከፊት ተነሥተዋል። ሣጥኑን አንሡና እንለፍ።